ከልጅ ሥር የተኛ ገንዘብ

ፍራሹ በገዛ እግሩ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። በሩን ለከፈተችው ትንሽ ልጅ የታያት እንዲያ ነው፤ ከላይ እንደ ጉም የተነፋ ነጭ ነገር፣ ከታች ሁለት ቀጫጭን እግሮች፣ በመካከል ሰው የሚባል የለም።

«እማዬ ነይ! ፍራሽ እግር አውጥቶ መጣ!»

«ነጭ ነው?» አለች እናቷ ከጓዳ፤ እጇ የልብስ አረፋ ውስጥ ነው። «እንግዲያስ እማማ ጥጥ ናቸው። በሩን ልቀቂላቸው፣ ይግቡ።»

እውነትም እማማ ጥጥ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍራሽ ሲሰፉ የኖሩ፣ ቅንድባቸው ላይ የጥጥ ብናኝ የማይጠፋ፣ ሰፈሩ እናትና አባት ያወጡላቸውን ስም ረስቶ በሙያቸው የሚጠራቸው አሮጊት ናቸው። ሸክማቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ድረስ ዓይናቸው ወደ ማዶው ጥግ ሄዶ ተተከለ። እዚያ የልጅቷ ፍራሽ ተነጥፏል። ትንሽ ነው፤ ጨርቁ ገርጥቷል፤ መሐሉ ላይ የአገር ካርታ የሚመስሉ ቢጫ ቀለሞች እርስ በርስ ተደራርበውበታል።

«ማን አዘዘልን እማማ?» አለች እናትየዋ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ ብላ። ነርስ ናት፤ ያን ቀን የዕረፍት ቀኗ ነበር።

«ማንም አላዘዘ። የልጅቷ አርጅቷልና ይኼን ትቼ ያንን ልውሰደው ብዬ ነው።»

«ያንን? ኧረ እማማ፣ ያንን ምን ሊሆንልዎ? ይቺ ፌንጣ ከተወለደች ጀምሮ ስታጠጣው የኖረችው ነው። ቢዘሩበት ያበቅላል እኮ።»

ፌንጣ ግን ነገሩ እንደ ገባት በአንድ ዝላይ ፍራሿ ላይ ወጥታ እጅና እግሯን ዘርግታ ተለጠፈችበት።

«አልሰጥም። የኔ ፍራሽ ያወራል። ያኛው ድዳ ነው።»

እማማ ጥጥ ወደ ፍራሹ ጠጋ አሉ። «ምን ይላል ሲያወራ፣ የኔ ዓለም?»

«ስገላበጥ ሽሽ፣ ሽሽ ይለኛል። ተኚ፣ ተኚ ማለቱ ነው።»

ነርሷ ሳቀች። እማማ ጥጥም ለመሳቅ ሞከሩ፤ ሳቃቸው ግን ከከንፈራቸው አልፎ አልሄደም። ያ የሚያወራው ምን እንደሆነ ከዚህ ዓለም ሰው ሁሉ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስት ዓመት ሆኖታል። እማማ ጥጥ የሚሠሩበት ክፍል የአናጢው ነው፤ ከእርሱ የእንጨት መሥሪያ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። አናጢው አንድ ቀን «የዋጋውን ግማሽ ስታመጪ ክፍሉን በስምሽ እንጽፈዋለን፤ ሌላውን እያደር ትከፍያለሽ» ብሏቸው ነበር። እርሳቸውም ከአፋቸው እየቆጠቡ አጠራቀሙ። ግማሹ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያጠራቀሙትን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ለናሙና ሰፍተው መደርደሪያ ላይ ባስቀመጡት አንድ የሕፃን ፍራሽ ሆድ ውስጥ ከተቱት፤ በረጅሙ መርፌያቸውም ዘጉት። ፍራሽ ሰፊ ገንዘቡን ሌላ የት ያኖራል? የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቋጠሮውን የሚያስተኛው ጥጥ ውስጥ ነው፤ ለእድሳት የመጣ ፍራሽ በፈቱ ቁጥር ገንዘብ ሲያገኙና ለባለቤቱ ሲመልሱ ኖረዋል። ጥጥን ያምኑታል። ጥጥ አፍ የለውም።

ከዚያ አንድ ዝናባማ ምሽት ማዶ ያለችው ነርስ ሳትጠበቅ ወለደች። ባሏ ለሥራ ራቅ ብሎ ሄዷል፤ ሕፃኗ የተኛችው የታጠፈ ካፖርት ላይ ነበር። እማማ ጥጥ ይኼን ሰምተው ዝም ይላሉ? በጨለማው እጃቸው መጀመሪያ ያገኘውን ለስላሳ ነገር ብድግ አድርገው ሮጡ። ምን እንደሰጡ ትዝ ያላቸው ሲነጋ ነው።

መልሰው ሊወስዱት ሄዱ። በሩን ገፋ ሲያደርጉ ሕፃኗ ሁለት ጭብጧን አጥብቃ፣ አንድ ነገር አደራ እንደተሰጣት ሰው ተኝታለች። ለአራስ የሰጡትን እንዴት መልሱ ይባላል? ቆይተው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣላቸው፤ ክፉ ሐሳብም አልነበረም፤ ሕፃን አንሥቶ ከሥሯ የሚፈትሽ ሌባ የትኛው ነው? ከዚያች ቀን ጀምሮ ማታ ማታ መስኮታቸው አጠገብ ይቀመጡና የነርሷ ቤት መብራት ሲጠፋ «ተኛ» ይላሉ በሆዳቸው። እርሳቸውም ይተኛሉ።

በሕልማቸው ገንዘቡ ይተነፍስ ነበር። ልጅቷ ጥርስ ስታበቅል እርሱም ጥርስ አበቀለ። ልጅቷ ግድግዳ ይዛ ስትቆም እርሱም በጥጡ ውስጥ ተነሥቶ ቆመ። ልጅቷ ተራምዳ፣ ሮጣ፣ ዘላ ፌንጣ ስትባል፣ እማማ ጥጥ ከእንቅልፋቸው የሚነቁት ፈገግ ብለው ነው፤ አደገልኝ እያሉ። በአፍ አውጥተው ያሉት ነገር አይደለም። ልብ ግን ለብቻው የሚዋዋለው ውል አለው።

ውጭ ያለው ዓለም በዚያን ጊዜ አልተኛም። ዳቦው በየዓመቱ እያነሰ መጣ። ባለ ሱቁ ድሮ ዋጋ በቀለም ይጽፍ ነበር፤ ኋላ በእርሳስ ጻፈ፤ ኋላ ደግሞ በጠመኔ፤ አሁን ጭራሽ አይጽፍም፤ ሲጠይቁት አንድ ጊዜ ወደ ስልኩ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ያይና ይናገራል። እማማ ጥጥ ራሳቸው የፍራሻቸውን ዋጋ እያፈሩ እያፈሩ ስንቴ ከፍ አድርገዋል። ግን የነቃው ዓለም ዋጋ የተኛውን ገንዘብ ይነካዋል ብለው አንድም ቀን አላሰቡ።

ከትናንት ወዲያ ነው አናጢው የክፍሉ ግድግዳ ላይ «ይሸጣል» የሚል ሰሌዳ የቸነከረው። እርጅና መጥቶ ወደ ልጁ ቤት ሊገባ ነው። አንድ መስታወት ሻጭ አይቶ ወድዶታል፤ ነገ ጠዋት ሙሉውን ከፍሎ ይረከባል። አናጢው ግን የጎረቤት ወግ ያውቃልና «ቅድሚያው ያንቺ ነው፤ እስከ ዛሬ ማታ እጠብቅሻለሁ» ብሎ ልኮባቸዋል። ያቺን ክፍል ካጡ እማማ ጥጥ ጥጣቸውን የሚነድፉበት፣ መርፌያቸውን የሚሰኩበት ግድግዳ በዚህ ምድር ላይ የላቸውም።

«እስኪ እንዋዋል» አሉ ለፌንጣ፣ ፍራሹ አጠገብ ቁጢጥ ብለው። «እኔ ፍራሽሽን ወስጄ አጥበዋለሁ፤ ጥጡን አፍታታዋለሁ። ማታ አንቺ ሳትተኚ ይመጣል።»

«ሳልተኛ?»

«ሳትተኚ።»

ልጅቷ አሰበች። «እሺ፤ መያዣ ስጪኝ።»

«ይቺን ጉድ!» አለች እናቷ። «ማን አስተማረሽ?»

«ባለ ሱቁ። ጠርሙስ ስንወስድ መያዣ ይላል።»

እማማ ጥጥ ኪሳቸውን ዳበሱ። የተገኘው ሲሰፉ ጣታቸው ላይ የሚያጠልቁት ትንሹ የብረት ቆብ ብቻ ነው። ልጅቷ አውራ ጣቷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ቋ ቋ አደረገችበት፤ ድምፁን ወደደችው። ከዚያ ከፍራሹ ላይ ወረደች።

ፍራሹን ይዘው ክፍላቸው ሲገቡ የቀትር ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብናኙን እያንሳፈፈች ነበር። እማማ ጥጥ በሩን መለስ አድርገው የፍራሹን ክር በምላጭ ቆረጡ። ጥጡ ተጨምቆ፣ ወይቦ፣ የልጅ ጠረን ይዟል። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱት። አለ። ባለበት አለ። ሲያወጡት ላስቲኩ ሽሽ አለ፤ አንድ ሰው ከእንቅልፉ ሲቀሰቀስ እንደሚያጉረመርም።

ልጃቸው በምሳ ሰዓቷ ዳቦ በከረጢት አንጠልጥላ ስትገባ እናቷን ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አድርገው አገኘቻቸው። መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። ታሪኩን ቆማ ሰማች።

«ስድስት ዓመት? ከሰው ልጅ ሥር?» ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«ብነግርሽ ባንክ ትይኛለሽ።»

«አዎ፣ እላለሁ።»

«ባንኩ ደግሞ ከመስኮቴ አይታየኝም።»

ልጃቸው በመስኮቱ ወደ ማዶው ቤት አየች። ዳቦውን አስቀምጣ ከእናቷ ጎን መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ገንዘቡን ለመቁጠር አልነካችውም። ትንሽ ቆይታ ብቻ፣ በለሆሳስ፣ «ያኔ በዚህ ገንዘብ ጥጥ ብትገዢበት ምን ያህል ይሆን ነበር?» አለች።

እማማ ጥጥ ቀና ብለው አዩ። «እስከ ጣሪያው።»

«ዛሬስ?»

እማማ ጥጥ እጃቸውን ብቻ ዘርግተው አየሩ ላይ አንድ ልክ ፈለጉ። ከትከሻ ጀመሩ፤ ትከሻ አይሆንም። ከወገብ፤ ወገብም አይሆንም። እጃቸው እየወረደ፣ እየወረደ ጉልበታቸው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። በዚያች ቅጽበት ክፍሉ እስከ ጣሪያው በነጭ ጥጥ ተሞልቶ ታያቸው፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው፣ በርም ሳይከፈት፣ እንደ ጠዋት ጉም እየሳሳ፣ እየዘቀጠ፣ መስኮቱን እያለፈ፣ መደርደሪያውን እያለፈ ወርዶ እግራቸው ሥር ተኛ።

«ማን ወሰደው?» አሉ፣ እንደ ሕፃን።

«ማንም አልወሰደም፤ ገንዘቡ ባለበት አለ። ዋጋው ነው ጥሎት የሄደው።» ልጃቸው እጃቸውን ያዘች። «እኛ መድኃኒት ቤት አንድ አከፋፋይ አለ። ዱቤ ሲሰጠን በገንዘብ አይመዘግብም፤ በካርቶን ነው። ‹ስትከፍሉኝ የዚያን ቀን የካርቶኑን ዋጋ ትሰጡኛላችሁ› ይላል። መጀመሪያ ሞኝ መስሎን ስንስቅበት ነበር። ኋላ ሲገባን ሳቃችን ቆመ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።»

«ውሻው ዘግይቶም ይጩህ። ጭራሽ ከመተኛት ይሻላል። ያለሽን ሁሉ አንድ ቦታ አታስተኚ ነው የምልሽ፤ ገሚሱ ባንክ፣ ገሚሱ ሥራ ላይ።» ስልኳን አየችና ተነሣች። «አረፍዳለሁ። ዳቦውን ብዪ፤ ረስተሽ እንዳትተይው።»

እማማ ጥጥ ዳቦውን ረስተው ተዉት። ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ከግድግዳው ማዶ የአናጢውን መላጊያ ሰሙ። እንጨት ሲላግ እንደሚንሾካሾክ ሰው ነው፤ ሲቆም ደግሞ መልስ የሚጠብቅ ይመስላል። ካርቶን፣ አሉ በሆዳቸው። የዚያን ቀን የካርቶኑን ዋጋ። ጥቅሉን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ወጡ።

አናጢው በላጌ፣ በእንጨት ፍቅፋቂ ክምር መሐል ቆሟል፤ ጆሮው ላይ እርሳስ፣ ጢሙ ላይ የእንጨት ዱቄት።

«መጣሽ?» አለ ቀና ሳይል። «ገንዘብሽን ይዘሽ ነው ወይስ እንባሽን?»

«ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት።»

«በይ ተቀመጪ። እንዲያውም ፈልጌሽ ነበር፤ ሥራ ልሰጥሽ።» መላጊያውን አስቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገ መስታወት ሻጩ ሙሉውን ያስረክበኛል። ልጄ ቤት ደግሞ ቁልፍ ያለው ሣጥን ይዤ ብገባ ሚስቱ ምን ትላለች? አንድ ፍራሽ ስፊልኝ። ወፈር ያለ። ሆዱ ውስጥ ኪስ ያለው። ገንዘቤን አስተኝቼበት እስክሞት እየቆነጠርኩ እበላለሁ።»

እማማ ጥጥ እሺ ቢሉ ማን ይጠይቃቸዋል? የፍራሽ ትእዛዝ ነው፤ ዋጋው ጥሩ ነው፤ ኪሱንም ከእርሳቸው የተሻለ የሚሰፋ የለም። የራሳቸውን ሞኝነት ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብለው ቤታቸው ይገባሉ። አናጢው በደስታ ዓይኑ በርቷል፤ ያን የተነፋ ፍራሽ ከወዲሁ ተኝቶበት፣ ከሥሩ ሽሽ ሲል እየሰማው ነው። እርሳቸው ያን ፊት ያውቁታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በመስታወት ያዩት የነበረው ፊት ነው።

ጥቅሉን ከብብታቸው አውጥተው ላጌው ላይ አኖሩት።

«አሽትተው።»

«ምን?»

«አሽትተው እንጂ!»

አናጢው አንሥቶ አሸተተ፤ አፍንጫው ተሸበሸበ። «ምንድን ነው?»

«የልጅ ሽንት። ከልጅ ሥር የተኛ ገንዘብ ነው። ሳስተኛው ግማሽ ክፍል ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። ስቀሰቅሰው የአንድ በር ዋጋ ብቻ ሆኖ ተነሣ።»

አናጢው በመስኮቱ አሻግሮ የክፍሉን በር አየ። በገዛ እጁ የሠራው በር ነው።

«ከነማጠፊያው?»

«ማጠፊያውን ትተህ።»

ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ፊታቸውን አየና ከደነው። ቀስ ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ድንገት ያረጀ መሰለ።

«አንተ ሰው» አሉ እማማ ጥጥ፣ «ፍራሹን እሰፋልሃለሁ፤ ትእዛዝ ነው። ግን ክፍሉን ለሚተኛ ገንዘብ አትሽጠው። ይኼን በር ተቀበለኝ። ለቀረው ደግሞ በየወሩ የአንድ ድርብ ፍራሽ ዋጋ እሰጥሃለሁ። የዛሬውን ዋጋ አይደለም፤ በዚያ ወር ፍራሽ የሚሸጥበትን። ፍራሽ ሲወደድ ያንተም ይወደዳል። ሲረክስም...»

«ረክሶ ያውቃል?»

«አያውቅም። እንበል ነው።»

«ለስንት ወር?»

«ክፍሉ ዛሬ ስንት ፍራሽ ያወጣል? በሩን ቀንሰን፣ ያን ያህል ወር።»

አናጢው እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፤ አንድ ጣውላ ላይ ጥቂት ጫረ፤ ፊቱን አጨፈገገ። «ብዙ ወር ነው። ብትሞቺስ?»

«ልጄ አለች። አንተ ብትሞትስ?»

«ልጄ አለ።»

«እንግዲያ ማናችንም አንሞትም።»

ይኼኔ ሳቀ። ሳቁ አልቆየም። እጁን ባዶው አየር ላይ ዘርግቶ ገና ያልመጣ ነገር አቀፈ። «ግን የጅምላ ገንዘብ እኮ... በአንድ ጊዜ ሲያቅፉት ይሞቃል።»

«ይሞቃል» አሉ እማማ ጥጥ። «አቅፌው ነበር።»

የላጌው ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። አናጢው ጥቅሉን አልተቀበለም፤ አልመለሰላቸውምም። መላጊያውን ከላዩ ላይ አስቀመጠበት፣ ነፋስ እንዳይወስደው ያህል።

«ሳይመሽ ላስብበት» አለ። «እዚሁ ይቆየኝ።»

እማማ ጥጥ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በስድስት ዓመት ውስጥ ገንዘባቸው የት እንደሚያድር ያላወቁበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ የሚገርመው ግን ደረታቸው ላይ አንዳች ነገር ቀለለ። ጨርቁን አጥበው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ደጋናቸውን አንሥተው ያረጀውን ጥጥ መንደፍ ጀመሩ፤ ድምፁ እንደ ትልቅ ንብ ክፍሉን ዞረው። የተጨመቀው ጥጥ እየተፈታ፣ እየተነሣ፣ አየር እየጠጣ ከነበረበት በእጥፍ አበጠ። አይተውት ፈገግ አሉ። ጥጥ ተኝቶ አያድግም፤ ሲመታ ነው። ያለ ቆብ ሲሰፉ መርፌው ጣታቸውን ወጋቸው፤ መጠጥ አድርገው ቀጠሉ።

መንገዱን መልሰው ሲሻገሩ ሰማዩ ወደ ሐምራዊ እየዞረ ነበር። የነርሷ ቤት መብራት በርቷል። ነርሷ ግን አዲሱ ፍራሽ ላይ ልብሷን እንደለበሰች ዘንበል ብላ ተኝታለች።

«እስኪ ልሞክረው ብላ ነው» አለች ፌንጣ በሹክሹክታ። «አልተነሣችም።»

ትንሹን ፍራሽ ጥጉ ውስጥ አነጠፉላት። ልጅቷ ወጣችበት፤ በሆዷ ተኛች፤ ተገላበጠች። ጠበቀች። እንደገና ተገላበጠች። ጆሮዋን ጨርቁ ላይ ለጠፈች።

«ዝም አለ» አለች። «ያ የሚያወራኝ የት ሄደ?»

እማማ ጥጥ አጠገቧ ተቀመጡ። «ሥራ ሄደ።»

«ሥራ አለው እንዴ?»

«ድሮ አልነበረውም፤ ይተኛ ነበር። ዛሬ ጀመረ።»

«ማታ ይመለሳል?»

እማማ ጥጥ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ማዶ አዩ። ልጅቷ ግን አልጠበቀቻቸውም፤ ጭብጧን ከፈተች፤ የብረት ቆቡ መዳፏ ላይ ብልጭ አለ፤ አየችውና መልሳ ጨበጠችው።

«እንግዲያ ይኼ እስኪመለስ እኔ ጋ ይቆያል።»

«ይቆይ፣ የኔ ዓለም።»

ከመንገዱ ማዶ፣ ከክፍሉ ግድግዳ በኩል፣ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። አንድ ጊዜ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ። አናጢው ሰሌዳው ዘንድ ቆሟል ማለት ነው። ሚስማር ሲመታ ድምፁ አንድ ነው፤ ከእንጨት ሲነቀል ሌላ ነው፤ የዕድሜ ልክ ጎረቤቱ ናቸውና እማማ ጥጥ ይለዩታል፤ ይኼኛው የመንቀል ነው። የልጅቷ ትንፋሽ እየረዘመ፣ እየለሰለሰ ሲሄድ፣ እርሳቸው እጃቸውን በፍራሹ ጠርዝ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀጣዩን ምት ያዳምጡ ጀመር።